«ሃሎ፣ ይሰማል?»፦ የቅርንጫፍ ስልኮችን በኢንተርኔት ለማገናኘት መስመሩ ምን ማሟላት አለበት

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ የሆነ ድርጅት እናስብ። የስልክ ማዞሪያው ሰርቨር አዲስ አበባ ተቀምጧል። ሐዋሳ 12 የአይፒ ስልኮች አሉ። ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኛቸው ተራ የኢንተርኔት መስመር ነው። ከአዲስ አበባ ይደወላል፤ ሐዋሳ ይነሣል። «ሃሎ፣ ይሰማል?» ይላል ሐዋሳ ያነሣው። «አዎ፣ እኔ በደንብ እሰማሃለሁ። አንተስ?» ይላል ከአዲስ አበባ የደወለው። «እኔ ጋ እየተቆራረጥክ ነው!» ይላል የሐዋሳው። ሦስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ አንዱ የኪሱን ሞባይል አውጥቶ በራሱ ካርድ ይደውላል። ምን ሆኖ ነው ሲባል መልሱ ያው ነው፦ «ኔትወርክ የለም።»

«ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነገር አንድ በሽታ አይደለም። የድምፅ መቆራረጥ፣ የድምፅ መዘግየት፣ በአንድ ወገን ብቻ መሰማት፣ ስልኩ መደወል እየቻለ ሲደወልለት አለመጥራቱ፣ ጥሪ በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ መቋረጡ፣ ሁሉም በዚህች ሐረግ ይጠራሉ። የየራሳቸው ምክንያት፣ መለኪያና መድኃኒት ግን አላቸው። ሳይለዩ «መስመሩን እናሳድገው» ማለት ለራስ ምታትም ለጥርስ ሕመምም ያንኑ ክኒን እንደመስጠት ነው። ገንዘቡ ይወጣል፤ ስልኩ እንደነበረ ይቀጥላል። ዛሬ በመጀመሪያ መስመሩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት፣ ቀጥሎም በቂ ስፋት እያለ ለምን እንደሚቆራረጥ፣ ከዚያም የበር ጉዳይ የምለውን የአድራሻ ችግር እናያለን።

ከስሌቱ እንጀምር። የአይፒ ስልክ ድምፅን በየ20 ሚሊሰከንዱ ይቆርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ በአንድ ፓኬት ይልካል፤ በሰከንድ 50 ፓኬት ማለት ነው። ጂ.711 በሚባለው መደበኛ ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ዘዴ፣ አንዱ ቁራጭ 160 ባይት ይመዝናል። አድራሻና ቅደም ተከተል የያዘው ማሸጊያ ደግሞ 40 ባይት ነው። 200 ባይት በ50 ሲባዛ፣ ወደ ቢት ሲለወጥ፣ በሰከንድ 80 ኪሎቢት ይሆናል። የኢተርኔቱን፣ ማለትም የቢሮው የኬብል መስመር የሚደርበውን፣ ማሸጊያ ስንጨምር 87.2 ኪሎቢት ይደርሳል። ይህ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ሰው ሲናገርም ያንኑ ያህል ይመጣል። ጥሪው በዋየርጋርድ ቪፒኤን፣ ማለትም ሁለት ቢሮዎችን በኢንተርኔት ላይ በሚያገናኝ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ውስጥ ካለፈ ሌላ ፖስታ ይደረብበትና ያለ ኢተርኔቱ 107 ኪሎቢት ገደማ ይሆናል። እኔ ለአንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ያለ ቪፒኤን 100፣ በቪፒኤን 120 ኪሎቢት እንዲያዝ እመክራለሁ።

ጂ.729 የተባለው ኮዴክ ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ይጨምቃል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ይፈጃል» ብሎ ያሰላል። ቁራጩ 20 ባይት፣ ማሸጊያው ግን ያው 40 ባይት ነው፤ ፖስታው ከደብዳቤው ይከብዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ፍጆታ 24 ኪሎቢት ነው፤ በዋየርጋርድ ውስጥ ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። ቁጠባው እውነት ነው፣ ግን እንደተወራለት አይደለም። በተጨማሪም «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚሉ ሲስተሞች የቁልፍ ድምፅን በዚህ ኮዴክ ውስጥ በትክክል አይለዩትም። የቁልፍ ምልክቱ ከድምፁ ተለይቶ እንደ መልእክት እንዲሄድ በሁለቱም ጫፍ መስተካከል አለበት። ስልኮቻችሁ ኦፐስ የተባለውን ኮዴክ የሚደግፉ ከሆነ ለደካማ መስመር ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ፍጥነቱን እንደ መስመሩ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ የጠፋ ፓኬትንም በሚቀጥለው ውስጥ በያዘው ቅጂ መተካት ይችላል።

አሁን ስንት ጥሪ በአንድ ጊዜ? 12 ስልክ አለ ማለት 12 ጥሪ ማለት አይደለም። ይህን ያሰላልን ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሂሳብ ሊቅ ነው፤ በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም ይሠራል። እያንዳንዱ ስልክ በሥራ በሚበዛበት ሰዓት 10 ደቂቃ ተያዘ እንበል። 12 በ10 ሲባዛ 120 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ሙሉ ንግግር ነው፤ በእሱ አጠራር 2 ኤርላንግ። ለዚህ 6 መስመር ቢኖር ከ100 ጥሪ አንዱ ገደማ ብቻ ተይዟል ይባላል። ስለዚህ ለሐዋሳ የሚያስፈልገው 6 ጥሪ በ120፣ 720 ኪሎቢት ነው። አንድ ሜጋቢት እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የብዙ ቅርንጫፎች መስመር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?

አንደኛው ምክንያት የምንገዛው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የዳውንሎዱ መሆኑ ነው። በኤዲኤስኤል፣ ማለትም በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት፣ እና በሞባይል ኢንተርኔት አፕሎዱ ከዳውንሎዱ በጣም ያነሰ ነው፤ ስልክ ግን ሁለቱንም እኩል ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ ዋናውም፣ ወረፋ ነው። አንድ ጠባብ ድልድይ አስቡ፤ ባለ ተሳቢ መኪና ከገባበት ከኋላው ያለው ባጃጅ የተሳቢው ጭራ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። 1,500 ባይት የሚመዝነው የፋይል ፓኬት ተሳቢው ነው፤ 200 ባይቱ የድምፅ ፓኬት ባጃጁ ነው። አፕሎዱ 1 ሜጋቢት በሆነ መስመር ላይ አንድ ተሳቢ ለማለፍ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ 512 ኪሎቢት ላይ 23 ሚሊሰከንድ። አንድ ተሳቢ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ስካን የተደረጉ ደረሰኞችን በኢሜይል ስትልክ፣ የአንዱ ሞባይል ፎቶዎቹን ወደ ደመና ሲጭን፣ የጥበቃ ካሜራው ምስል ሲያስተላልፍ ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ይቆማል። ሞደሙ 256 ኪሎባይት የሚይዝ መጋዘን ካለው፣ በ1 ሜጋቢት አፕሎድ ያ መጋዘን ተሞልቶ ባዶ እስኪሆን 2 ሰከንድ ይፈጃል። ፓኬቱ አልጠፋም፤ ግን 2 ሰከንድ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ለስልክ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ነው። ከሐዋሳው ኮምፒውተር ወደ አዲስ አበባው አድራሻ ፒንግ፣ ማለትም ትንሽ ፓኬት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካውን ትእዛዝ፣ አስጀምሩ። ቁጥሩ 20 ወይም 30 ሚሊሰከንድ እያሳየ እያለ ትልቅ ፋይል መጫን ጀምሩ። ፒንጉ ወደ 400፣ 800፣ 1,500 ከወጣ በሽታው ታወቀ። የመስመሩን ፍጥነት በእጥፍ ብታሳድጉት ሰልፉ ያጥራል እንጂ አይጠፋም፤ ፋይል የሚልክ ፕሮግራም ያገኘውን ስፋት ሁሉ የሚሞላ ነውና።

መድኃኒቱ ሰልፉን ከሞደሙ አውጥቶ እናንተ ወደምታዙት ራውተር ማምጣት ነው። አፕሎዱን በሥራ ሰዓት ለኩ፤ ለምሳሌ 4 ሜጋቢት ከሆነ ራውተሩ ላይ ጣሪያውን 3.4 ወይም 3.6 ሜጋቢት አድርጉት፣ ማለትም ከ85 እስከ 90 በመቶ። ያቺን 10 በመቶ መልቀቅ ለብዙ ሥራ አስኪያጅ «የከፈልንበትን መጣል» ይመስለዋል። የሚገዛው ነገር ግን ከሷ በላይ ነው፤ ራውተሩ ሁልጊዜ ከሞደሙ ትንሽ ስለሚያዘገይ ሞደሙ ውስጥ ሰልፍ አይፈጠርም። ከዚያ ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ስጡ። ስልኮቹ የድምፅ ፓኬቱን ዲኤስሲፒ 46 በሚል ምልክት እንዲያትሙ ይደረጋል፤ ራውተሩም ያን ምልክት ያየውን ሁሉ ከፊት ያስቀድማል። ኢንተርኔቱ ይህን ምልክት አያከብርም የሚል ክርክር አለ፤ እውነት ነው። ጠባቡ ድልድይ ግን የራሳችሁ በር ላይ ነው፤ እሱ ከተስተካከለ አብዛኛው ተስተካክሏል። ኬክ ወይም ኤፍኪው ኮደል የሚባሉት የወረፋ ዘዴዎች በራውተራችሁ ላይ ካሉ ምልክት እንኳ ሳይታተም ትንንሹን ፓኬት ከትልልቁ ሰልፍ ይለያሉ። ማይክሮቲክ የተባለው የራውተር ዓይነት ከ7ኛው የሲስተም ትውልድ ጀምሮ ሁለቱንም ይዟል።

ማይክሮቲክን ካነሣሁ አንድ ወጥመድ ልጠቁም፤ ብዙ ቀን የሚያባክን ነውና። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የፋየርዎል ቅንብር ፋስትትራክ የሚባል ሕግ አለው። ይህ ሕግ ትራፊኩን በአቋራጭ ስለሚያሳልፈው የሠራችሁት ወረፋ ምንም አይነካውም። ሁሉንም በትክክል አዘጋጅታችሁ ለውጥ ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን አጥፉት።

የዋናውን መሥሪያ ቤት አፕሎድ ደግሞ አትርሱ። ሐዋሳ የሚሰማው ድምፅ የሚወጣው ከአዲስ አበባው አፕሎድ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ እያንዳንዱ 6 ጥሪ ቢይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ 18 ጥሪ በ120፣ ከ2.1 ሜጋቢት በላይ ለድምፅ ብቻ ይወጣል። ብዙ ሰው ቅርንጫፉን አስተካክሎ ማዕከሉን ይተወዋል።

ወደ ጊዜ እንምጣ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ከአፍ እስከ ጆሮ የሚፈጀው ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች እኩል መናገር ይጀምራሉ፤ «አንተ ቀጥል»፣ «አይ አንተ» ይባባላሉ። ከ400 በላይ ከሆነ ንግግሩ የሬዲዮ መገናኛ ይመስላል። ከዚህ በተጨማሪ በሙያው እንደ ገደብ የሚያዙ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የጊዜ መዋዠቁ፣ ማለትም ጂተር፣ ከ30 ሚሊሰከንድ፣ የሚጠፋው ፓኬት ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ይሁን።

የመጨረሻው ቁጥር ብቻውን ያታልላል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 15,000 ፓኬት ነው። 1 በመቶው 150 ፓኬት፣ ማለትም 3 ሰከንድ ድምፅ ነው። እዚህም እዚያም ተበትኖ ከጠፋ ስልኩ ክፍተቱን በጎረቤቱ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ማንም አያውቅም። በአንድ ላይ ከጠፋ ግን ሦስት ሰከንድ ሙሉ ዝምታ ነው፤ የሒሳብ ቁጥር እየተነገረ ከሆነ ቁጥሩ ጠፋ። ስለዚህ ሪፖርት ስታዩ አማካዩን ብቻ ሳይሆን መጥፋቱ በጅምላ ነው ወይስ በተን ብሎ ብላችሁ ጠይቁ።

ርቀትስ? ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1,000 ኪሎሜትርን በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል። ሐዋሳ በመንገድ 275 ኪሎሜትር ያህል ናት፤ 1.4 ሚሊሰከንድ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ፒንግ 180 ካሳየ ጥፋተኛው ርቀቱ ሊሆን አይችልም። ወይ ሰልፍ አለ፣ ወይ መንገዱ ዞሯል። የመንገድ መዞር በተለይ ማዞሪያው ውጭ አገር ደመና ላይ ሲቀመጥ ይመጣል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው፣ እዚያ ያለው ፒንግ 150 ነው እንበል። ድምፁ ከሐዋሳ ፍራንክፈርት 75፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ 75፣ በድምሩ 150 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገና ስልኩ ድምፁን ለመቁረጥ የሚፈጅበት 20፣ ተቀባዩ ፓኬቶቹን ለማስተካከል የሚይዝበት 40 ወይም 60 ሚሊሰከንድ አልተደመረም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አገር ተቀምጠው ገደቡን አለፉ። በቪፒኤን ውስጥ ከሆናችሁ ማዞሪያው ጥሪውን ካገናኘ በኋላ ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። አለበለዚያ ማዞሪያውን አገር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በ35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት የተያያዘ ቅርንጫፍ ካላችሁ ደግሞ ወጥቶ መውረዱ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ የሚስተካከል የለም፤ ሠራተኞቹ ቀድመው ይወቁት።

ቢሮው ውስጥ ስላለው ነገር በአጭሩ። የጠረጴዛ ስልክን በዋይፋይ አታያይዙ። ኬብል ዘርጉ፤ ከስዊች እስከ ስልክ ከ100 ሜትር አይብለጥ። ርካሽ ሆኖ ገበያ ላይ የሚገኘው፣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ኬብል መብራትንና ዳታን አብሮ ለሚሸከም መስመር አይሆንም፤ ይሞቃል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅም ይወርዳል፣ ስልኩ በራሱ ጊዜ ይጠፋና ይነሣል። ስልኮቹን በራሳቸው ቪላን፣ ማለትም በዚያው ኬብል ላይ በተለየ ኔትወርክ፣ አስቀምጡ። ይህ ከደኅንነቱም ሌላ ችግር ስታስሱ የስልኩን ትራፊክ ከሌላው ለይታችሁ ለማየት ይጠቅማል።

አሁን የበሩ ጉዳይ። አንድ ጥሪ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኤስአይፒ የሚባለው መልእክተኛ ነው፤ ማን ማንን እንደጠራ፣ እንደተነሣ፣ እንደተዘጋ ይናገራል። በተለምዶ ወደብ 5060ን፣ ማለትም ይህ ቁጥር ያለውን የመሣሪያውን በር፣ ይጠቀማል። ሁለተኛው ድምፁን የሚሸከመው አርቲፒ ነው፤ እሱ በሌላ ወደብ፣ አስተሪስክ በተባለው የማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ በተለምዶ ከ10000 እስከ 20000 ባለው ውስጥ ይሄዳል። ችግሩ መልእክተኛው በሚይዘው ደብዳቤ ውስጥ «ድምፁን ወደዚህ አድራሻ ላክልኝ» የሚል መስመር መኖሩ ነው። የሐዋሳው ስልክ የሚያውቀው አድራሻ 192.168.1.20 ስለሆነ ያንን ይጽፋል። ራውተሩ የፖስታውን ጀርባ ወደ ኢንተርኔት አድራሻ ይለውጣል፤ ውስጡ ያለውን ደብዳቤ ግን አይነካም። አዲስ አበባ ያለው ማዞሪያ ደብዳቤውን አንብቦ ድምፁን ወደ 192.168.1.20 ይልካል። ያ አድራሻ አዲስ አበባ ምናልባት ፕሪንተር ነው። ውጤቱ አዲስ አበባ ሐዋሳን ይሰማል፤ ሐዋሳ ግን ዝምታ ብቻ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ መሰማት ከመስመሩ ጥራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የአድራሻ ስሕተት ነው። ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ትቶ ድምፁ ወደመጣበት አድራሻ እንዲመልስ ማድረግ ያስተካክለዋል። ማዞሪያው ራሱም ከራውተር ጀርባ ከሆነ ሁለት ነገር ይነገረው፤ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ማን እንደሆነና የትኞቹ አድራሻዎች የውስጥ እንደሆኑ። ይህ ካልተነገረው ችግሩ ይገለበጣል፤ ሐዋሳ ይሰማል፣ አዲስ አበባ አይሰማም።

የዚሁ ዘመድ የሆኑ ምልክቶች ሰዓት ይዘው ይመጣሉ፤ ለዚህ ነው ሠራተኛውን «መቼ ተቋረጠ?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። ጥሪው ተነሥቶ በደንብ እየተወራ ሁልጊዜ በ32ኛው ሰከንድ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ስልኩ ሲነሣ የተላከው መልስ «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ አላገኘም ማለት ነው። የኤስአይፒ መነሻ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ 64 እጥፉ 32 ሰከንድ ይሆናል፤ እስከዚያ ደጋግሞ ልኮ ተስፋ ይቆርጣል። ማረጋገጫው የጠፋው ወደ ተሳሳተ የውስጥ አድራሻ ስለተላከ ነው። በ15ኛው ወይም በ30ኛው ደቂቃ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ጥሪው አሁንም እንዳለ የሚያረጋግጠው የክፍለ ጊዜ እድሳት መልእክት አልደረሰም። ብዙ ሲስተሞች 1,800 ሰከንድ ይሰጡና በመካከሉ፣ በ900ኛው፣ ለማደስ ይሞክራሉ።

ስልኩ ይደውላል፣ ሲደወልለት ግን አይጠራም፤ ይህስ? ራውተሩ ለስልኩ የከፈተው በር ስለተዘጋ ነው። ብዙ ራውተሮች ዝም ያለን ግንኙነት ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘጉታል፤ ስልኩ ግን ማዞሪያው ላይ የሚመዘገበው በየሰዓቱ ሊሆን ይችላል። ስልኩ በየ25 ወይም 30 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እንዲልክ አድርጉት።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ራውተሩ ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባለውን አጥፉ። የተሠራው ደብዳቤውን ለማረም ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ግማሹን አርሞ ግማሹን ይተወዋል፤ ከላይ ያልናቸውን ምልክቶች እየቀላቀለ ያመጣል። ማይክሮቲክ ላይ በፋየርዎሉ ሰርቪስ ፖርትስ ውስጥ ተቀምጧል። አቅራቢው የሰጣችሁ ሞደም ላይም አለ፤ ሁለቱንም አረጋግጡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቋሚ ቢሮ ለሆነ ቅርንጫፍ ይህን ሁሉ ከመታገል ራውተር ከራውተር ጋር ቪፒኤን ማያያዝ ይሻላል። በዋየርጋርድ አንድ የዩዲፒ (የጠፋ ፓኬትን መልሶ የማይጠብቅ የመላኪያ ዘዴ) ወደብ ብቻ፣ በተለምዶ 51820፣ አዲስ አበባ ላይ ይከፈታል። የሐዋሳው ራውተር በየ25 ሰከንዱ ምልክት እየላከ በሩን ክፍት ያደርገዋል። ስልኮቹ ከዚያ በኋላ ማዞሪያውን በአንድ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ያዩታል። ቋሚ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያስፈልገው ዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ራውተራችሁ ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምር አድራሻ ካገኘ፣ አድራሻው ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ እዚያ ላይ ማዞሪያ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ቅርንጫፍ መሆን ግን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ለድርጅት የሚያቀርበው የቪፒኤን መስመርም አለ፤ አቅሙ ያለው ድርጅት ለትልልቅ ቅርንጫፎች ቢያስብበት መልካም ነው።

ቪፒኤኑ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ሁሉም ቅርንጫፍ 192.168.1 ላይ መቅረቱ ነው፤ ሁለት ቢሮ አንድ አድራሻ ይዞ አይገናኝም። ለየቢሮው ለምሳሌ 10.20.1፣ 10.20.2 እያላችሁ አስቀድማችሁ መድቡ። ሁለተኛው ቪፒኤኑን በቲሲፒ ማስኬድ ነው። ቲሲፒ አንድ ፓኬት ሲጠፋ እስኪመለስ ድረስ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል፤ 20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ለማዳን ግማሽ ሰከንድ ያጠፋል። ሦስተኛው የፓኬቱ መጠን ነው። ዋየርጋርድ በ1,420 ባይት ይጀምራል፤ መስመሩ ፒፒፒኦኢ፣ ማለትም በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ፣ ከሆነ 1,412 አድርጉት። ይህ ሲሳሳት ድምፁ ደህና ሆኖ ጥሪ ማስጀመሪያው ደብዳቤ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ስልኩ ብዙ ኮዴክ ስለሚዘረዝር ደብዳቤው ይረዝማልና። ኮዴኮቹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቀንሱ።

ደኅንነትን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ወደብ 5060ን ለዓለም ከፍታችሁ አትተዉ። የሚፈትሹ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ይዞራሉ፤ የውስጥ መስመር 101፣ የይለፍ ቃሉም 101 የሆነ ስልክ ካገኙ በእናንተ ሒሳብ ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ። የሚመርጡት ቢሮ የሚዘጋበትን ሌሊትና የበዓል ቀን ነው። የፋሲካ ማግሥት ደርሶ የሚታየውን ሒሳብ ማንም አይከፍልላችሁም። የይለፍ ቃል ቢያንስ 16 ፊደል፣ በማሽን የተፈጠረ ይሁን። የውጭ አገር ጥሪ ለሁሉም ዝግ ሆኖ ለሚያስፈልገው ብቻ ይከፈት። ቪፒኤን መጠቀም የማይችል የርቀት ሠራተኛ ካለ የኤስአይፒ መልእክቱም ድምፁም የተመሰጠረ ይሁን።

ሕጉንም አትዝለሉት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ዓለም አቀፍ ጥሪን በኢንተርኔት አስገብቶ በሀገር ውስጥ ቁጥር ማሳለፍን በብርቱ የሚቀጣ ነው። የራስን ሠራተኞች ከራስ ቢሮ ጋር ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ የዱባይ ወይም የዋሽንግተን ወኪል ቢሮ ስልክ ከአዲስ አበባው ማዞሪያ በኩል ወደ ሀገር ውስጥ ቁጥሮች እንዲደውል ማድረግ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ከማሰባችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሕይወትን የሚመለከት። ሐዋሳ ያለ ሰው በዚህ ስልክ 991 ቢደውል ጥሪው የሚወጣው ከአዲስ አበባው መስመር ነው፤ የሚያገኘው የአዲስ አበባን ፖሊስ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ የሆነ አንድ የአካባቢ መስመር ይኑረው፤ ማዞሪያውም የአደጋ ቁጥሮችን በዚያ በኩል እንዲያወጣ ይደረግ። ይህ ካልተቻለ ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ይኑር።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? የድሮው ስልክ መብራቱን ከቴሌ መስመር ያገኝ ነበር፤ ይሄኛው አያገኝም። 12 ስልክ እያንዳንዱ 4 ዋት፣ ስዊቹ ራሱ 10፣ ሞደምና ራውተር 20፣ በድምሩ 80 ዋት ገደማ ነው። ተለምዶ የሚገዛው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 84 ዋት ሰዓት ነው። ግማሹን ተጠቅማችሁ 30 ደቂቃ ብታገኙ ነው። ስለዚህ ለዩት፤ ሞደሙንና ራውተሩን በ12 ቮልት 18 አምፒር ሰዓት ባትሪ ለብቻ ብታስቀምጧቸው 5 ሰዓት ገደማ ይቆያሉ። ከስልኮቹም ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ በዩፒኤስ ላይ አድርጉ።

በመጨረሻ መረከቢያ ፈተና። ማንም አቅራቢ «ሠርቷል» ሲላችሁ እሑድ ከሰዓት የተደረገ የሙከራ ጥሪ ብቻ አሳይቷችሁ እንዳይሄድ። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ሙሉ ሆኖ፣ 172 ባይት የሚይዝ ፒንግ 1,000 ጊዜ ላኩ፤ ከማሸጊያው ጋር ልክ የድምፅ ፓኬቱን 200 ባይት ያህላል። አንድ ጊዜ እንዲሁ፣ አንድ ጊዜ ትልቅ ፋይል እየተጫነ። ከዚያ አይፐርፍ በተባለው የመስመር መለኪያ ፕሮግራም 172 ባይት የሆኑ የዩዲፒ ፓኬቶችን በ413 ኪሎቢት፣ ማለትም በሰከንድ 300፣ ለአሥር ደቂቃ ላኩ፤ ይህ የ6 ጥሪ ያህል ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ አድርጉት፤ ፒንግ መሄጃውንና መምጫውን ደምሮ ስለሚያሳይ የትኛው እንደታመመ አይነግራችሁም። ቅሬታ ከመጣ ደግሞ ዋየርሻርክ በተባለው የፓኬት መመርመሪያ ፕሮግራም ጥሪውን ቅዱና የአርቲፒውን ትንተና ክፈቱ፤ ለየአቅጣጫው የጠፋውንና የተዋዠቀውን ለይቶ ያወጣዋል።

ይህ ሁሉ መሣሪያ በሌለበት ጊዜ እንኳ፣ ቅሬታውን በጥንቃቄ ከሰማችሁት አቅጣጫውን ራሱ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ላይ ያልነውን ንግግር አስታውሱት። አዲስ አበባ ሐዋሳን በደንብ ይሰማል፤ ሐዋሳ ነው «እየተቆራረጥክ ነው» ያለው። እንግዲያው ከሐዋሳ የሚወጣው መንገድ ጤነኛ ነው። የተጨናነቀው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሐዋሳ የሚገባው ነው፤ መጀመሪያ የሚታየውም ቅሬታ ያቀረበው የሐዋሳ ራውተር ሳይሆን የአዲስ አበባው አፕሎድ ነው።